ክር በጣሹ አስማማው

አቶ አስማማው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ክር ሲበጥሱ ኖረው በክብር ጡረታ ወጡ። ቀልድ አይደለም፤ ሥራቸው ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የክር መፈተሻ ክፍል ተቀምጠው፣ የጥጡን ፈትል በመሣሪያ እየወጠሩ በስንት ክብደት እንደተበጠሰ ይመዘግቡ ነበር። «ደኅና ነው» ካሉ ክሩ ወደ ሽመና ያልፋል፤ ራሳቸውን ከነቀነቁ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሥልጣን የለመደ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤት ውስጥም የሚፈትሸው ነገር አያጣም። መጀመሪያ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈተሹ። ቀጥለው የመጋረጃውን ክር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል፣ የክት ነጠላቸውን ጥለት እየጎተቱ ያገኟቸው ዕለት ግን፣ ሰውየው ከቤት ወጥቶ የሚውልበት ነገር ካልተገኘ ቀጥሎ የሚበጠሰው ትዳሩ እንደሆነ ገባቸው።

መላው ከግቢያቸው ተገኘ። ተከራያቸው የነበረ ፈረንጅ፣ ስለ ጣና ዓሦች ሲያጠና ቆይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ከነሣጥኑ ትቶላቸው ሄደ። የፈረንጁ አጠማመድ እንደ እኛ በትል አይደለም። ከላባ የተሠራች ዝንብ መሳይ ነገር መንጠቆ ላይ ታስራ ውሃው ላይ ትጣላለች። ገመዱ ወፍራም ነው፤ ዓሣው ግን ወፍራም ገመድ ካየ ስለማይቀርብ፣ በገመዱና በዝንቧ መካከል ሁለት ክንድ ያህል ቀጭን የላስቲክ ክር ይገባል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህች የጫፍ ክር ናት። ብትወፍር ዓሣው ይሸሻል፤ ብትቀጥን ይዟት ይሄዳል።

ሣጥኑ ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር የተጻፈባቸው አራት የክር ጥቅሎች ነበሩ። ያየ ሁሉ አራት ቁጥሩ ወፍራሙ ይመስለዋል። አቶ አስማማው ብቻ ሳቁ። በፈትል ቤትም ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይቀጥናልና፣ የፈረንጁ ክር የገዛ ፋብሪካቸው ልጅ ሆኖ ታያቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ክር ማንም ምንም ሊነግራቸው አልቻለም።

ችግሩ፣ ዓሣው አልሰማም ነበር። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ ሁለት በጋ ሙሉ በቁጥር አራት ሲያጠምዱ፣ ትንንሹ ይያዛል፤ ትልቁ ነጭ ዓሣ በመጣ ቁጥር ክሩ ጧ ይላል። ማታ ቤት ሲገቡ የሚሉት አንድ ነው፤ «አመለጠኝ»። ሰፈሩም አልሰነፈም፤ ስማቸውን «ጋሽ አመለጠኝ» አለው።

በታኅሣሡ የማርያም ማኅበር ላይ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። መምሬ ፍሬ ስብሐት፣ የማኅበሩ ንስሐ አባት፣ ጠላቸውን አስቀምጠው በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

«ልጄ አስማማው፣ የሐዋርያት መረብ መቶ አምሳ ሦስት ዓሣ ገብቶበት አልተቀደደም። ያንተ ክር አንዱን እንኳ ያቃተው፣ ከእምነት ነው ከፋብሪካ?»

ቤቱ በሣቅ ሞላ። አቶ አስማማው ብድግ አሉ፤ ሳያስቡትም አፋቸው ተናገረ። «የጥር ጽዋ የኔ ተራ ነው። በእጄ የያዝሁትን ነጭ ዓሣ አበላችኋለሁ። ካልያዝሁ ዘንጉን ሰቅዬ ሁለተኛ ዓባይ አልወርድም።»

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ የብርጓል «አንቱ» ብለው ጀመሩ፤ ባላቸውን አንቱ የሚሉት ሲያሾፉባቸው ብቻ ነው። «አንቱ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው ወሬ በስንት እንጀራ ነው የማቀርበው?»

ጥር ገባ፤ በዓሉ ሦስት ቀን ቀረው። አቶ አስማማው ቁጥር አራቱን ክር በበሩ መቃን ላይ አስረው ባልዲ አንጠለጠሉበት፤ በሊትር ማሰሮ ውሃ እየለኩ ያፈሱበት ጀመር። ሦስት ሊትር ቻለ። ረኩ። ክር ሲረጥብ ደግሞ ይበረታልና፣ ዓባይ ውስጥ ሦስት ተኩል ይይዛል ብለው አሰሉ።

ወይዘሮ የብርጓል ሽንኩርት ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ዓሣው የሚኖረው መቃን ላይ ነው?»

አቶ አስማማው በመምህር ትዕግሥት አስረዷቸው። ፈትል ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፣ ይበረታል፤ ይህን ሠላሳ አራት ዓመት በዓይናቸው አይተውታል፤ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

«እሱ ጥጡ ነዋ» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «ይኼ ጥጥ ነው?»

አቶ አስማማው ክሩን ከመቃኑ ፈትተው ወደ ብርሃን አቀረቡት። ሚስታቸው ክሩን ከእጃቸው ወስደው ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ ነከሩት፤ ሽንኩርታቸውን ከትፈው ሲጨርሱ አውጥተው ሰጧቸው። ሰቀሉት። ሁለት ሊትር ሳይሞላ ተበጠሰ፤ ባልዲውም ጫማቸው ላይ ተደፋ። የተበጠሰው ደግሞ ከቋጠሮው ላይ ነው። በፋብሪካው ልማድ በደረቁ ጥብቅ አድርገው የሚቋጥሩት ቋጠሮ፣ ላስቲኩን ፈግፍጎ ይበላው ኖሯል።

«እኔ ለመርፌ እንኳ በምራቄ አርሼ ነው የማስገባው» አሉ ወይዘሮ የብርጓል፣ ወለሉን እየወለወሉ። «ሁለት በጋ ሙሉ ዓሣውን ስታማ ከረምህ።»

ያን ቀን ከሰዓት ባልና ሚስት አራቱንም ክር ነክረው፣ ቋጠሮውን በምራቅ እያረሱ ፈተሹ። ቁጥር አንድ ከአምስት ሊትር በላይ ቻለ። አቶ አስማማው በነጋታው እሱን ይዘው ወረዱ። ግን የጥር ውሃ እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ ነጮቹ ዓሦች ዝንቧ ሥር ይመጣሉ፣ ክሩን ያያሉ፣ እንደ ተናቀ እንግዳ ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። ሲመሽ ባዶ እጃቸውን ገቡ። ያን ማታ ወይዘሮ የብርጓል አላሾፉም፤ አቶ አስማማውም የፈሩት ይህንኑ ነበር።

በዋዜማው ቁጥር ሁለትን አሰሩ፤ ርሶ አራት ሊትር ገደማ የያዘውን። ወይዘሮ የብርጓል ምሳ ቋጥረው ተከተሏቸው፤ ምስክር ከሌለ ማን ያምናል ብለው። ፀሐይ ከአናት ሳትዘነበል ዝንቧ ተዋጠች፤ ዘንጉም እስከ እጀታው ጎበጠ።

አቶ አስማማው የለመዱትን አደረጉ። ገመዱ የተጠቀለለበትን መንኰራኵር በመዳፋቸው ጥፍንግ አድርገው ያዙና፣ ዓይናቸውን ክሩ ላይ ተክለው መጎተት ጀመሩ፤ በስንት እንደሚበጠስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ወይዘሮ የብርጓል ከኋላ። «ፋብሪካ አይደለም እኮ! እንዳይበጠስ ነው የሚያዘው፤ ልቀቅለት!»

መዳፋቸው ተከፈተ። መንኰራኵሩ እየጮኸ ዞረ፤ ዓሣው ወደ መሐል ወረደ። ሲደክም ሳቡት፣ ሲሄድ ለቀቁት፤ እንዲህ ሲጓተቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆነ። በመጨረሻ ወይዘሮ የብርጓል ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገብተው ከጎኑ አቀፉት። አምስት ኪሎ ቢያንስ ነው። አቶ አስማማው የጫፍ ክሩን በጣታቸው ዳበሱት፤ አልፈተሹትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ያገኛቸው ሰው ሁሉ «በስንት ገዛችሁት?» እያለ ጠየቀ።

በበዓሉ ቀን ጸሎት ደርሶ ዓሣው ቀረበ። መምሬ ፍሬ ስብሐት ወጡን አስተውለው አዩና፣ በየትኛው ክር እንደተያዘ ጠየቁ። አቶ አስማማው በር ላይ የቆሙትን ሚስታቸውን አዩ። ዝም ማለት ይቻል ነበር።

«በቁጥር ሁለት» አሉ። «እኔ በአራት ነበር የምሞተው። ላስቲክ ሲረጥብ እንደሚደክም አላወቅሁም፤ የፈተሸችው የብርጓል ናት። ሲያዝም ልቀቅ ያለችኝ እሷ ናት።»

ማኅበርተኛው ለሣቅ ተዘጋጀ። ግን ነጭ ዓሣ እሾኹ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ የወሰደ ሁሉ በምላሱ አጥንት ፍለጋ ገብቷል። መምሬም ጣታቸውን አንሥተው ሊናገሩ ሲሉ ተዉትና አንድ ቀጭን እሾኽ ከከንፈራቸው መዘዙ። አቶ አስማማው ትልቁን ቁራጭ አንሥተው፣ በብርሃን እያዩ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀሙና፣ ተነሥተው በር ድረስ ሄደው ሚስታቸውን አጎረሱ።