ወደ ኋላ የሚዞር አንገት

የሐይቅ ዳር ጭቃ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ጆሃንስበርግ ውስጥ ጀልባ ቀዘፋ የተማርኩበት ዓመት ትዝ ይለኛል። ቤታችን ሜይፌር ሰፈር፣ የአባዬ ሱቅ ከከተማው ዳር ዲፕስሉት የተባለ የድሆች መንደር ነበር፤ እኔ ደግሞ በነፃ የትምህርት ዕድል የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ገብቼ፣ በባለአራት ሰው ጀልባ ሌሎቹ ምቷን የሚከተሏትን የመሪዋን ወንበር ይዤ እቀዝፍ ነበር።

ቀዛፊ ፊቱን ወደመጣበት አድርጎ፣ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ ነው የሚጓዘው። ለእኔ ከዚህ የባሰ ፈተና አልነበረም። አባዬ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ስኳር ሲደረድር ሌቦች ከኋላ መጥተው ከደበደቡት ወዲህ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቱን ያዞር ነበር፤ እኔንም «ጀርባሽን ለበር አትስጪ» እያለ አሳደገኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ እኛ በሩን ልናይ ስንዞር ዓይን ለዓይን እንገጣጠምና ሳቃችንን እናፍን ነበር።

በጋውን ሙሉ በየአምስት ቀዘፋው ዞር እያልኩ፣ ጀልባውን እያዘነበልኩ፣ ከኋላዬ ያሉትን ሦስት ልጆች ምት አሳትኩ። ክረምቱ ሲገባ፣ ያ ዝናብ የሌለው፣ ሣሩን አድርቆ የሚተው የጆበርግ ብርድ ሲመጣ፣ አሰልጣኛችን ታንዲ ቁርጡን ነገረችኝ።

«አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና! መንገዱን ማየት ከሁላችሁ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ሥራ ነው። እስከ ጸደይ መዞሩን ካልተውሽ ወንበሩን ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

ያንን ወንበር ክፉኛ እወደው ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ከማንም እኩል የምሆነው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

ጸደይ ገብቶ ጃካራንዳው ሲያብብ አባዬ አንድ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ሊያየኝ መጣ። ታንዲ ሰላም ካለችው በኋላ፣ «ባባ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ አንገቷ ግን አላርፍ አለ» አለችው። ፊቱ ልውጥ አለ፤ ከማን እንደተማርኩት ገብቶታል። ጀልባው የሚነሳበት መድረክ ጫፍ ላይ ቆመና፣ «ምሕረትዬ፣ ከኋላሽ ያለውን እኔ አይልሻለሁ፤ አንቺ እኔን ብቻ እይ» አለኝ።

ከመድረኩ እየራቅን ስንሄድ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። ከኋላው መኪኖች ይገባሉ፣ በር ይዘጋል፣ ልጆች እየተጯጯሁ ይሮጣሉ፤ እሱ ግን ነጥብ እስኪያክል ድረስ አንዴም አልዞረም። እኔም አልዞርኩም። ሐይቁን ጨርሰን ስንመለስ ታንዲ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «ወንበሩ ያንቺ ነው» አለችኝ።

ያኔ ወንበሩን በጉብዝናዬ ያስቀረሁት መስሎኝ ስኩራራ ከረምኩ፤ አባዬም ፍርሃቱ የለቀቀው ይመስለኝ ነበር። አድጌ ሥራ ይዤ፣ በራሴ ቤት መኖር ከጀመርኩ በኋላ፣ ያን ቀን እንዴት ሆኖ እንደነበር ጠየቅሁት። ሳቅ ብሎ፣ «ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር፤ አንገቴንማ እንዳይዞር ገትሬው ሦስት ቀን አሞኛል» አለኝ።