ለብቻው የጠፋው መብራት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ስልክ ደውዬ ካልተነሳልኝ ለምን እንደምበጠበጥ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ይሄው።

የፋይበር መሐንዲስ ነኝ። ያኔ ለአንድ ረጅም የኢንተርኔት መስመር የብርሃን ማጉያ እንድመርጥ ታዝዤ ነበር። አዲሱ ፋይበር በአንዲት ቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ሰባት የብርሃን መንገዶች አሉት። ብርሃን ሩቅ ሲሄድ ስለሚደክም በየመሀሉ ማጉያ ካላገኘ አይደርስም። ምርጫው ሁለት ነው፤ ሰባቱንም ባንድ ላይ የሚያጎላ መሣሪያ፣ ወይም ለእያንዳንዱ የየራሱ። የጋራው ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ከተበላሸ ግን ሰባቱም ይጠፋሉ። እኔ የየራሳቸው ይሁን ባይ ነበርኩ።

ቤትም ያው ነኝ። እናቴ የምትኖረው የካ ሚካኤል አጠገብ፣ ጎረቤቶች ሁሉ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ነው። ሳንባዋን ስለሚያማት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን፣ ለመጠባበቂያም አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር አላት። አንዱ ምድጃ በሰካ ቁጥር የግቢው መብራት ድርግም ሲልብኝ ጊዜ፣ ተሯሩጬ ለብቻዋ ቆጣሪ አስገባሁላት። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ምርጫዬን ለአለቆቼ በማቀርብበት ቀን ጠዋት ደወልኩላት። አላነሳችም። ደገምኩ። አሁንም አላነሳችም። ላፕቶፔን እንደያዝኩ ከምኖርበት ከኮተቤ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፤ እኔ ግን መቀመጫው እሾህ ሆኖብኛል። መሀል ላይ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ።

ግቢው ሰላም ነው። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ቴሌቪዥን ከፍተው ልብስ ያጥባሉ።

"እናቴስ?" አልኳቸው።

"ተኝተው ይሆናላ! ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሃል?"

በሩን በርግጄ ስገባ ማሽኑ ዝም ብሏል። የሷ ቆጣሪ ብሬከር ብቻ ወርዶ መብራቷን አጥፍቶታል። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እኔ ደግፌ ቀና አደረግኋት። ተከትለውኝ የገቡት እትዬ ብዙነሽ ናቸው የመጠባበቂያውን ሲሊንደር የከፈቱላት።

ነፍስ ስትዘራ እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ። "ድሮ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም 'እማማ!' ብለን ነበር የምንሮጠው። ዛሬ የኛ በርቷል። በምን እንወቅ?"

ስብሰባው ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። ምርጫዬን አልቀየርኩም። ግን እያንዳንዱ ማጉያ ሲጠፋ ማንቂያ የሚጮህለት ካልሆነ አልፈርምም አልኩ። አለቃዬ ወጪ አበዛህ ብሎ ተቆጣ። ይቆጣ። ለእናቴም መብራቷ ሲጠፋ እትዬ ብዙነሽ ቤት የሚጮህ ደወል አስገጠምኩላት።

እሷ ደህና ናት። እኔ ግን እስከ ዛሬ አላረፍኩም፤ ደወሉስ ቢበላሽ እላለሁ። የሚገርመው፣ በሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ ሲሉኝ ቀለል ይለኛል። ጎረቤት ሁሉ ወደሷ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። የሚያስጨንቀኝ መብራት ያለ ቀን ነው።