እትዬ ጉድጓድና አስራ አምስተኛው ግሪን

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ጎልፍ ሜዳው ውስጥ ግን ከዘበኛው እስከ ትራክተረኛው ሁሉም «እትዬ ጉድጓድ» ነው የሚላት። ሥራዋ ጉድጓድ መቁረጥ ነዋ! ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ የመቃብር ይመስለዋል። አንዴ አዲስ የተከራየች ጎረቤቷ «ውይ፣ ሬሳ አያስፈራሽም?» ብላ ጠይቃታለች።

የሷ ጉድጓድ ከዱቄት ወተት ጣሳ አይሰፋም። በየጠዋቱ ሁለት እጀታ ያለው የብረት ቱቦ ትሸከምና ወደ ግሪኑ ትሄዳለች። ግሪን የሚሉት ባንዲራው የሚቆምበትን፣ እንደ ምንጣፍ የተላጨውን ሣር ነው። ቱቦውን ትተክላለች፣ ተጭና ታዞረዋለች፣ ሣሩ ከነአፈሩ እንደ ኬክ ቁራጭ ብድግ ይላል። በዚያ ቁራጭ የትናንቱን ጉድጓድ ትደፍናለች፤ በመዳፏ ደልደል፣ በውሃ ረጠብ። ጉድጓድ በየቀኑ ቦታ ካልቀየረ ሣሩ በሰው እግር ያልቃል። አስራ ስምንት ጉድጓድ በቀን፣ ሃያ ሦስት ዓመት። እስቲ አስቡት።

ልጇን ያሳደገችው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። አባትየው ልጅቷ ዳዴ ስትል ወጣ፤ የት እንደገባ እሱ ያውቃል። መጀመሪያ በጀርባዋ አዝላ፣ ኋላ በእጇ ይዛ ታመጣት ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሆናት አንድ የክለቡ አባል ኳስ አልገባ ብሎት ተናዶ ዱላውን ዛፍ ላይ ሰበረው። እናትየው ስባሪውን አነሳች፣ አሳጠረች፣ እጀታውን በጨርቅ ጠቀለለችና «እንኪ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አባላቱ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እናትና ልጅ አስራ አምስተኛው ግሪን ላይ ይቀሩ ነበር። አስራ አምስተኛው ከዛፎቹ ጀርባ ነው፤ ከዋናው ሕንፃ አይታይም። የሚያየው የሠራተኞቹ መጋዘን ብቻ ነው።

ያ ግሪን ሁለት ፊት አለው። ግራው ሜዳ ነው፤ ኳስ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብላ ሄዳ ትገባለች። ቀኙ ቁልቁለት ነው፤ ነካ ካደረጓት አገር ጥላ ትጠፋለች። እትዬ ጉድጓድም የአስራ አምስተኛውን ጉድጓድ ሁለት ሦስት እርምጃ ፈቀቅ እያደረገች ሁሌ ግራ ትቆርጠው ነበር። አባላቱ «ምነው ይሄ ጉድጓድ ቀኝ እጁን አመመው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። ኳስ ስትገባ የልጇን ሳቅ ነበር የምትፈልገው፤ ሌላ ምን ነበራት?

ልጅቷ አደገች፣ ለአገሯ ቡድንም ተመረጠች። የዓለም ሴቶች አማተር የቡድን ጎልፍ ውድድር፣ ማለትም ደሞዝ የማይከፈላቸው ሴቶች ለአገራቸው የሚጫወቱት ውድድር፣ እዚያው እነሱ ሜዳ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። ከየአገሩ ሦስት ሦስት ሴት ይመጣል፤ አራት ቀን ይጫወታሉ። ኳሷን በትንሽ ምት ያስገባች ናት ጎበዝ። በየቀኑ ከሦስቱ የሁለቱ ጎበዞች ምት ይደመራል፣ የሦስተኛዋ ይጣላል።

ከውድድሩ በፊት የሜዳው አለቃ ጠርቷት ነበር።

«ልጅሽ ትጫወታለች። ለሰው አፍ እንዳይመች ጉድጓዱን ሌላ ሰው ይቁረጠው።»

«ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቆርጬ፣ ዓለም ሲመጣ ቱቦዬን ለሌላ ሰው ላስረክብ?»

አለቃው ራሱን አከከ። «እሺ፤ ዋስሽ እኔ ነኝ። ጉድጓዱ የት እንደሚሆን ዳኞቹ በየማታው ወረቀት ይሰጡሻል። ከወረቀቱ ንቅንቅ እንዳትይ።»

ሦስት ቀን ንቅንቅ አላለችም። የልጅቷ ምት ግን ሦስቱንም ቀን ተጣለ። ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ፣ እንደገና ሰባ ዘጠኝ።

«እትዬ፣ የልጅሽን ምት ለማዳበሪያ እናድርገው እንዴ?» አላት ትራክተረኛው።

«ያንተ አፍ እያለ ማዳበሪያ ምን ይሠራልናል!» አለችው። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ዘበኛው በሩ ላይ ጠበቃት። «ሰማሽ? ከሦስቱ ልጆች አንዷ ስታስመልስ አድራ አልጋ ይዛለች። ዛሬ የቀሩት የሁለቱ ብቻ ነው የሚደመረው። የልጅሽ ይቆጠራል!»

ይቆጠራል። ቱቦዋን ስትሸከም ይቺ ቃል አብራት ሄደች። አንደኛውን ቆረጠች፣ ይቆጠራል። ሰባተኛውን ቆረጠች፣ ይቆጠራል። ማታ አንብባ በቃሏ የያዘችውን ወረቀት ሳታወጣ አስራ ስምንቱንም ጨርሳ መጋዘን ገባች፣ ማዳበሪያ ከረጢቱ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦዋን በሻይ ነከረች። ከዚያ እንዲሁ፣ እጇ ሥራ ሲያጣ፣ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው።

አስራ አምስተኛው፤ ከቀኝ ጠርዝ አራት እርምጃ።

ዳቦው ሻዩ ውስጥ ወደቀ።

ቀኝ ነው የሚለው። እሷ የቆረጠችው ግራ ነው። እግሯ ሃያ ሦስት ዓመት የሚያውቀው መንገድ ይዟት ሄዶ፣ እጇ ልጇ በልጅነቷ ስትስቅበት የነበረው ቦታ ላይ ቆርጦታል። እምላለሁ ብትል ማን ያምናታል? የገዛ እናቷ ጉድጓዱን ሜዳው ላይ አመቻቸችላት ነው የሚባለው።

በመስኮቱ አየች። መጀመሪያ የወጡት ተጫዋቾች አስራ አራተኛው ላይ ደርሰዋል። ሩብ ሰዓት ቢቀራቸው ነው። ሕጉን ታውቀዋለች፤ አንድ ሰው እንኳ ከተጫወተበት በኋላ ጉድጓድ አይነካም። የሳተም ቢሆን እንደሳተ ይውላል፣ ሁሉም እኩል እንዲጫወትበት።

ሩብ ሰዓት ዝም ብትል በቃ። ለልጅቷ ጉድጓዱ ግራ ሆኖ ይቆያታል። ምቷ ደግሞ ዛሬ ይቆጠራል። ለሷ? ግፋ ቢል «አረጀች፣ ተሳሳተች» ይሏታል፤ መቼም አይሰቅሏት!

ከአለቃው ጋር የምትነጋገርባትን ትንሿን ሬዲዮ በእጇ ይዛ ቁልፉን ሳትጫን ቆየች። ሰዎቹ አስራ አራተኛው ላይ አንዷ ኳስ ስትገባ ሲያጨበጭቡ ተሰማት። ልጄ ዛሬ እዚህ ብትስቅ፣ ብላ አሰበች፣ የምትስቀው በምን ላይ ነው? ጣቷ ቁልፉን ተጫነ።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ፤ ምን ሆንሽ?»

«አስራ አምስተኛውን ተሳስቻለሁ። ግራ ቆርጬዋለሁ፤ ወረቀቱ ቀኝ ነው የሚለው።»

 «ቀልዱን ተይ» አለ አለቃው።

«ምን ቀልድ አለኝ፣ ጋሼ! ማንም አልደረሰበትም። ይፍጠኑ!»

አለቃው በትንሿ መኪና እየበረረ መጣ፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ከውጭ የመጣች ዳኛ አብራው ነበረች። ዳኛዋ ወረቀቱን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ እትዬ ጉድጓድን አየች። የሆነ ነገር ጠየቀች። አለቃው መለሰላት፤ ልጇ ትጫወታለች እንዳላት ከፊቱ ያስታውቃል። ዳኛዋ ሌላ ጥያቄ ጨመረች።

«ታዲያ ለምን ነገረችን? ትላለች» አለ አለቃው።

እትዬ ጉድጓድ ጥያቄው አልገባትም። «ጉድጓዱ ያለቦታው ነዋ!» አለች።

አለቃው እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ዳኛዋ ባርኔጣዋን ከፍ አድርጋ አንዴ በደንብ አየቻትና ሰዓቷን እያሳየች በእጇ «ቁረጪ» አለች።

ቆረጠች። ከቀኝ አራት እርምጃ፣ ቁልቁለቱ ላይ። የወጣውን ቁራጭ ይዛ ሮጣ ግራውን ደፈነችው። ችኮላ ነውና ድፍኑ አላማረም፤ ጠርዙ ከፍ ከፍ ብሎ እንደ አዲስ ጠባሳ ይታይ ነበር። ልታስተካክለው ስትጎነበስ አለቃው «ውጪ ውጪ፣ መጡ!» ብሎ በክንዷ ጎተታት።

ልጅቷ የደረሰችው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ሠራተኞቹ ከገመዱ ጀርባ ተኮልኩለዋል። መናገር አይቻልም፤ ውድድር ላይ ያለ ሰው በውጭ ሰው አይመከርም። ኳሷ ቀኝ በኩል ከጉድጓዱ በላይ አርፋለች። ወደ ኳሷ ስትሄድ ግራውን አቋርጣ ነበርና ድፍኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። ትኩስ ክብ፣ ከጠዋቱ የተቆረጠ፣ እነሱ ቦታ ላይ።

ተንበረከከች። ድፍን ማስተካከል ይፈቀዳል። ጠርዙን በመዳፏ ደልደል አደረገችው፤ እጇ የናቷ እጅ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀና ብላ ገመዱን በዓይኗ ፈለገች። እትዬ ጉድጓድ የጫማዋን ክር ማየት ጀመረች።

ልጅቷ መታች። ኳሷ ቁልቁለቱን ይዛ ጉድጓዱን ታካ አለፈች፣ ሄደች፣ ሄደች። ሁለተኛው አጠረ። በሦስተኛው ገባች። ትራክተረኛው «ውይ!» አለ፤ ሊቀልድ ቃጣውና የእትዬን ፊት አይቶ ተወው።

ያን ቀን ሰባ ስድስት መታች፣ ከአራቱ ቀን ትንሹ። ተቆጠረም። ቡድኑ ግን ሃያኛ ከወጣው ቡድን አንድ ምት አብዝቶ ሃያ አንደኛ ሆነ። አንድ ምት! እትዬ ጉድጓድ ያ አንድ ምት የት እንደወደቀ ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ቱቦዋን ዘይት ስትቀባ ልጅቷ ገባች። የቡድኑን ልብስ እንደለበሰች ከረጢቱ ላይ ዘፍ አለች።

«እማ።»

«እመት።»

«አንቺው ነሽ የነገርሻቸው ወይስ ደረሱብሽ?»

«እኔው ነኝ።» የዘይቱን ጨርቅ አስቀመጠች። «ያቺን ምት ያስወደቅኩሽ እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ከፈለግሽ ተቆጪ።»

ልጅቷ ጫማዋን ፈታች። እግሯን ዘረጋች። ከዚያ እናቷ ያላሰበችውን ነገር ጠየቀቻት።

«ቀኙን ለምን አላስተማርሽኝም?»

«ምን?»

«አስራ አንድ ዓመት እዚያ ስንጫወት አንድ ቀን እንኳ ቀኝ አልቆረጥሽም። ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ ስቆም የሰው ሜዳ መሰለኝ፣ እማ።»

እትዬ ጉድጓድ የዘይቱን ጨርቅ መልሳ አነሳች። «ታለቅሻለሽ ብዬ ነዋ። ሳቅሽን ነበር የምፈልገው።»

ልጅቷ አየቻት። ዓይኗ ሞላ፣ ግን ሳቀች። «እንኳን ነገርሻቸው» አለች። «ግራ ሆኖ ቢገባልኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን የናቷ ጉድጓድ ነው ይሉኝ ነበር። ሰባ ስድስቱ የኔ ነው። ሦስቱም የዚያ ጉድጓድ ምት የኔ ነው።» ተጎንብሳ ጫማዋን መልሳ ማሰር ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«ሌላ ቁረጪልኝ። ቀኝ።»

«ኧረ ደክሞሻል! ደግሞ ፎቶ ትነሳላችሁ ተብሏል።»

«ፎቶው ይቆየኝ።»

እትዬ ጉድጓድ ቱቦውን አነሳች። ልጅቷ ቀድማ አንዱን እጀታ ያዘች፤ ሁለቱም ይዘውት ወጡ። አለቃው ልጅቷን ለፎቶ ሊጠራ በዛፎቹ መሃል ሲመጣ ቁልቁለቱ ላይ ጎንበስ ብለው አያቸው። ሳይጠራት ወደመጣበት ተመለሰ።

«ቀስ በይ» እያለች ነበር እትዬ ጉድጓድ፤ «እዚህ ኳስ አይመታም፤ እንደ ተኛ ሕፃን ነካ ነው የሚደረገው።»