አረንጓዴው እሳትና የፓምፑ ገመድ

ልጅ ሳለሁ በመንደራችን የሆነውን ይህን ነገር ለማውራት በመድፈሬ ሳይንስን፣ ጅኖችንና የውሃ ኮሚቴውን እንደየማዕረጋቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መንደራችን ከግራና ከተማ ወረድ ብላ ወንዝ ዳር ያለች፣ በፓምፕ ሽንኩርት የምታጠጣ መንደር ናት። የፓምፑ ዘበኛ አባቴ ነበር። አንድ ጠዋት የፓምፑ የኤሌክትሪክ ገመድ ተቆርጦ ተወስዶ ተገኘ፤ ከዘበኛው ሌላ ማን ይጠረጠራል? አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ ሌባው እስኪታወቅ ሰው አይበተንም፤ ሁሉም ተራ በተራ የሚያውቀውን ያወጣል፤ የተፈረደበትን ደግሞ ጎረቤት እሳትና ውሃ ይነሳዋል። እናቴ ያኔ ፍርዱን ሳትጠብቅ ያለንን ጀሪካን ሁሉ ሞልታ አስቀመጠች።

የተሰበሰብነው ግቢያቸው ሰፊ በሆነው በኮሚቴው ሊቀመንበር በጋሽ ምስጋናው ደጅ ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ እሳት ተያያዘ፤ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠ፣ ፍሙ ፊታችንን እያቀላ፣ ተረት አዋቂው ሽማግሌ አያ ሰይድ ሰው ከመካሰሱ በፊት ልቡ ይለስልስ ብለው ጀመሩ።

«ባንድ አገር የሰው ሐቅ የበላ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ሲለው፣ አላህ እሳቱን ተናገር አለው…»

እሳቱ ደከመ። ጋሽ ምስጋናው ልጃቸውን፣ «ያን ከጓሮ የተራረፈ ጉማጅ አምጪ፤ ደህናውን እንጨት እንዳትነኪ!» አሏት። ግማሹ የተቃጠለ ግንድ ጎትታ መጥታ ጣለችው። ነበልባሉ እንደ በቆሎ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ።

«ቢስሚላህ!» «በስመ አብ!» ከየአቅጣጫው ተጮኸ።

ከሁሉ ቀድመው የተነሡት ጋሽ ምስጋናው ናቸው። «ጅን ነው! ገመዱን የወሰደው ጅን ነው! ዘበኛው ምን ያድርግ ታዲያ?»

አያ ሰይድ ጉማጁን በዱላቸው ገልበጥ አድርገው አዩት። «እውነትክን ነው ምስጋናው፣ ጅን ነው። እስከ ነገ ከመለሰ ማንም አይጠይቀውም። ካልመለሰ ግን ይህን ጉማጅ ወልድያ ድረስ ተሸክመን እናስመረምረዋለን።»

«ለኔ ለምን ይነግሩኛል፣ አያ?»

«ግቢው ያንተ አይደል? ጅኑ አንተን ይሰማሃል።»

በማግስቱ ፓምፑ ቤት በር ላይ ጥቅል መዳብ ተገኘ፤ ላስቲኩ ግን የለም። መንደሩም ጅን ላስቲክ እንደሚበላ፣ መዳብ ግን ለሆዱ እንደማይስማማው ተረዳ። አባቴ ነጻ ወጣ፤ እኛም ሳምንቱን ሙሉ የጀሪካን ውሃ ጠጣን።

ዓመታት አልፈው ወልድያ ስማር፣ የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ አረንጓዴ ዱቄት በሽቦ ጫፍ ነክቶ እሳት ውስጥ ከተተው። ያው ነበልባል! እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ጅኑ የት አለ?» ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም የገመዱንና የጉማጁን ታሪክ አወራሁለት።

«ጅኑ መዳብ ክሎራይድ ይባላል» አለኝ። «የገመድ ላስቲክ ውስጥ ክሎሪን አለ። ገመዱን ሲያቃጥሉት ክሎሪኑ ከመዳቡ ጋር ይጣመራል፤ እንጨቱ ላይ የተረፈው ደግሞ እሳት ባገኘ ቁጥር ነበልባሉን አረንጓዴ ያደርገዋል።» ከዚያ ዱቄቱን ውሃ ውስጥ አሟምቶ የብረት ምስማር ነከረበት። ብረቱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይገባል፤ ተሰውሮ የነበረውም መዳብ ምስማሩ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ምስማሩን ሳይ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አያ ሰይድ ትዝ አሉኝ።

በልቤ የቀረው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ የፓምፑን ገመድ የነካ የለም፤ አባቴ አርጅቶ ሥራውን ሲተውም ምትክ አልተቀጠረም። ሁሉም ጅኑን ይፈራል። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ፣ በኔ ሞት፣ የክሎራይዱን ነገር ለመንደራችን ሰው ትንፍሽ እንዳትሉ። ጅኑ ከሥራ ከተሰናበተ፣ ገመዱን የሚጠብቅልን የውሃ ኮሚቴው ብቻ ነው።