የአባቷ አንባቢዎች

እንጀራዋ ብዙ ሰው መሆን ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አልገጥም ባለ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ የሱቆችንና የሆቴሎችን የኢንተርኔት ገጽ ታስተዳድራለች። የምትሠራበት ብራውዘር ከተራው ይለያል፤ ብዙ ፕሮፋይል ይከፈትበታል፣ እያንዳንዱም የየራሱ በር እንዳለው የኪራይ ክፍል ነው፤ የአንዱ ገመና ለሌላው አይታይም። በየክፍሉ ደግሞ የየራሱ ፕሮክሲ ይገባል። ፕሮክሲ መሀል ቆሞ መልእክት የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው፤ እዚህ ቁጭ ብለው የጻፉትን ከሌላ ከተማ የመጣ ያስመስለዋል። አድራሻውን፣ የፖርቱን ቁጥርና የይለፍ ቃሉን ታስገባና «ሞክር» የሚለውን ትጫናለች። አረንጓዴ ከበራ ያ ፕሮፋይል የዚያ ከተማ ሰው ሆነ ማለት ነው። በዚህ ሥራ እሳት የላሰች ስለነበረች ባልደረቦቿ «ባለብዙ ገጿ» ይሏታል። እሷም ትስቃለች።

አባቷ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጉልበቱ ክላች መርገጥ ሲያቅተው ቤት የገባ ሰው ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ዳማውን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣና በረንዳ ላይ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እሷ ከሥራ ስትገባ ደግሞ አባትየው የመንገድ ወሬውን ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣ የዋለች ልጅ ምን ጆሮ ይኖራታል?

«አባዬ፣ ለምን አትጽፈውም?» አለችው አንድ ቀን፣ ለመገላገል ያህል። ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተችለትና ስለ አንዲት ቁልቁለት፣ ስለ አንድ ድልድይ፣ ስለ ረዳቱ በአንድ ጣቱ እየለቀመ መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ የሚያነብለው ግን ጠፋ።

«ዛሬስ ሰው አየው?» ይላታል በር ላይ ጠብቆ።

አንጀቷ አልቻለም። በምሳ ሰዓት አንድ ፕሮፋይል ከፈተች፤ የሩቅ ከተማ ፕሮክሲ አስገባችና ጡረታ የወጣች ነርስ ሆነች። «ወንድሜ፣ ያቺን ቁልቁለት እኔም አውቃታለሁ፤ ስንቴ ዓይኔን ጨፍኜ ወርጃታለሁ!» ብላ ጻፈችለት።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ አባቷን ፊቱ በርቶ አገኘችው። «ነርስ ናት!» አላት ወንበሩን እንኳ ሳያቀርብላት። «ያቺን ቁልቁለት ታውቃታለች!»

ነርሷ ብቻዋን አልቀረችም። ሁልጊዜ የሚከራከረው መካኒክ ተጨመረ፣ ከዚያ መንገድ ሠራተኛው፣ ከዚያ ሌሎችም። ሁሉም በየክፍላቸው፣ ሁሉም በየፕሮክሲያቸው። አባቷ በተለይ ከነርሷ ጋር ልብ ለልብ ተገናኘ፤ ለልጁ ነግሯት የማያውቀውን፣ ሚስቱ በታመመች ጊዜ እሱ መንገድ ላይ እንደነበረ ሳይቀር ጻፈላት። ልጅቷ ያንን ቢሮ ውስጥ አነበበችና መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። ቤት ስትመለስ ግን ምን ትበል? የተነገረው ለነርሷ እንጂ ለእሷ አይደለም።

ልብስ ሰፊው ዳማውን ይዞ ይመጣና አባትየው «አንድ ጊዜ፣ ለሰው መልስ ልስጥ» ይለዋል። ያ አንድ ጊዜ አያልቅም። «ሹፌሩ፣ አንተ እኮ ትልቅ ሰው ሆነሃል» ብሎ ቀለደ መጀመሪያ። በኋላ መምጣቱን ተወ። ከዚያም ዓይኑ ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅተው ልጁ ወዳለችበት አገር ተዛወረ። ሊሰናበት የመጣ ለት አባትየው ከመካኒኩ ጋር ስለ ፍሬን ይሟገት ስለነበር በቆሙበት ተጨባብጠው ተለያዩ።

ጥቂት ቆይቶ የፕሮክሲዎቹ የኪራይ ጊዜ አለፈ። ቢሮው በሥራ ተወጥሮ ስለነበር ልጅቷ አዳዲሶቹን በየፕሮፋይሉ ለማስገባት ትዕግሥት አጣች። አንዱን አድራሻ ቀድታ ሁሉም ላይ ለጠፈችው፤ «ሞክር» የሚለውንም አልነካችውም። ለደንበኛ ቢሆን አታደርገውም ነበር፤ የአባቷ ነው ብላ ቸል አለች። ድረ ገጹ ነርሷም መካኒኩም መንገድ ሠራተኛውም ካንድ ደጃፍ ሲወጡ አየና ሐሰተኛ ናቸው ብሎ ሁሉንም ባንዴ ዘጋቸው። የጻፉት ሁሉ እንደ ጉም በነነ።

አባትየው ምግብ አልቀምስ አለ።

«አስቀይሜያቸው ነው የጠፉት» አላት። «ባለፈው የጻፍኩት ላይ አፌ አምልጦኝ ይሆናል። እስቲ ለነርሷ ይቅርታ ልጻፍላት፤ እንዴት እንደሚላክ አሳዪኝ።»

ስልኩን እንደዘረጋላት ቆመ። ዳግመኛ ነርስ መሆን ትችል ነበር፤ አዲስ ፕሮፋይል፣ አዲስ ፕሮክሲ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ስልኩን ግን አልተቀበለችውም።

«አባዬ... ነርስ የለችም። እኔ ነኝ።»

«መካኒኩስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«እንዴ! ስለ ፍሬን ያን ያህል የሞገተኝ?»

«ከኢንተርኔት እያነበብኩ ነው።»

የሚስቅ መስሏት ነበር፤ አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ልብስ ሰፊው ይሻለኝ ነበር» አለ። «ቢያኮርፍም ፊቱን አየዋለሁ።» ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «ስለ እናትሽ የጻፍኩትንም አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«ታዲያ የዚያን ዕለት ቤት ስትገቢ ለምን አንድ ቃል አላልሽኝም?»

 

ከዚያ በኋላ በጊዜ ቤት መግባት ጀመረች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትታ አጠገቡ ትቀመጣለች። «እስቲ ስለ ድልድዩ ንገረኝ» ትለዋለች፣ «እስቲ ስለዚያ ረዳትህ።» አባትየው አልተቆጣም፣ አላኮረፈምም፤ እንደ ድሮው «ልጄ» ይላታል፣ ሳህኑንም ወደ እሷ ይገፋላታል። ወሬው ግን አልመጣ አለው።

«እሱን እኮ ጽፌልሻለሁ» ይላታል፣ ወደ በረንዳው እያየ።

እሷም አባቷ የጻፈውን ሁሉ አሳምራ ታስታውሳለች። በድምፁ ግን አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰምታው አታውቅም።