የገላው ፌንጣ

አባቴ ገላው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ግንቦት አቆመ። ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እሱን ግን ባብዛኛው የምናውቀው በስልክ ነበር። ከመንገድ ሲደውል የከተማ ስም አይጠራም። “ግድግዳው በበቆሎ የተለበጠውን አዳራሽ አሁን አለፍኩት” ይላል። ወይም “ከሲሚንቶ የተሠራው ጎሽ ጋ ደርሻለሁ።” በኋላ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ሁሉንም አገኘኋቸው፣ ከአንዷ በስተቀር።

አንዷ ፌንጣ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሃይዌዩ በበረዶ ተዘግቶ በገጠር መንገድ እንዲያልፍ አደረጉት። አንድ ማሳ ዳር፣ ከአሮጌ የእርሻ መኪና ብረት ተበይዳ የተሠራች፣ ቤት የምታህል ፌንጣ ቆማለች። አንዱ ቀንዷ ብሎኑ ላልቶ በነፋስ ይወዛወዛል። አባቴ መኪናውን አቆመ፤ ጉልበቷን ረግጦ ጀርባዋ ላይ ወጣና ቀንዷን በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ጠፍሮ አሰረው። ፎቶ አላነሳም። ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር።

ይህን ያመነው የለም። ከኛ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ጓደኛው አሥራት ባገኘው ቁጥር “ገላው፣ ያቺ ፌንጣህ እንዴት ናት? ሣር አጨድክላት?” ይለዋል። አባቴ ሥራ ያቆመ ሰሞን ቤታችን ራት አዘጋጅተን ነበር። አሥራት ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ።

“ጎበዝ፣ ሌላው ሾፌር ጭነት ያስራል። የኛ ሰው ፌንጣ ያስራል!”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴ ትብለጥም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

“አንቺም?” አላት አባቴ።

“እኔማ ሰው ሲስቅ ነው…”

“አሥራ ሁለት ዓመት ውሸታም ነው ብለሽ ነው የኖርሽው ማለት ነው።”

በማግስቱ አባቴ የመኪናውን ጎማ ሲያስፈትሽ ዋለ።

እናቴ የምትሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስለሆነ ክረምት እረፍት ነች። ሐምሌ ላይ ፌንጣዋን ፍለጋ ሦስታችን ተነሣን። ሁለት ቀን ተኩል ነዳ። የበቆሎው አዳራሽ ጋ ስንቆም እናቴ ወርዳ ግድግዳውን በጣቷ ነካካች። “እውነትም በቆሎ ነው!” አለች። እሱ ከመኪናው አልወረደም። “ይሄንንማ ማንም ያምናል” አለ።

ማሳው ጋ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ፌንጣ የለም። ሣር የበላቸው የሲሚንቶ መሠረቶችና የዛጉ ብሎኖች ብቻ። አባቴ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

“እንሂድ” አለ። “ጂፒኤሱን ወደ ቤት አድርጊው፣ ልጄ።”

እናቴ ግን ሣሩን በእግሯ እየገለጠች ትዞር ነበር።

“ገላው፣ ና ቁጠር።”

“ምኑን?”

“ሲሚንቶውን። ስድስት ነው። ላም ስድስት እግር የላትም።”

“ትብለጥ፣ ተይው በቃ። አሥራት ይሄን ሲሰማ…”

“አሥራት ገደል ይግባ! ሳላያት ከዚህ አልነቃነቅም።”

ከማሳው ማዶ ወዳለው ቤት መራመድ ጀመረች። ሮጬ ደረስኩባት። እንግሊዝኛዋ ለልጆች ምሳ እያቀረበች የለቀመችው ነውና እኔ ላናግርልሽ አልኳት።

“አንቺ ዝም በይ። የሳቅኩት እኔ ነኝ።”

በሩን አንኳኳች፤ አባቴም ከኋላችን ደረሰ። ኬፕ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ከፈተ። እናቴ የፌንጣ እንግሊዝኛው ጠፋት። ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ አቆመችና በስልሳ ዓመቷ በረንዳው ላይ አንድ ጊዜ ዘለለች። “የት አለች?” አለችው። ሰውዬው ጣቶቿን አየ፤ ከኋላዋ የቆምነውን አየ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀና ቁልፍ ይዞ ወጣ።

ፌንጣዋ መጋዘን ውስጥ በጎኗ ተኝታለች። ነፋስ ከጣላት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አንድ እግሯ ታጥፏል። ቀንዷ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ቢጫ ቀበቶ እስከ አሁን ታስሯል። አባቴ ቀበቶዎቹ ከሌላ ሾፌር ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀሉ ስሙን በአማርኛ ይጽፍባቸው ነበር። ሰውዬው አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

“የሠራት አባቴ ነው” አለ። “ይህ ጽሑፍ ምን እንደሚል ለመጣው ሰው ሁሉ እያሳየ ይጠይቅ ነበር። ሳያውቀው ሞተ።”

እናቴ ጎንበስ ብላ ፊደሎቹን በጣቷ ተከተለቻቸው።

“ገላው” ብላ አነበበችለት። “ባሌ ነው።” ከዚያ ቀና ሳትል በአማርኛ “ይቅር በለኝ” አለች።

አባቴ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። ቀበቶውን ሳብ አድርጎ አየው።

እናቴ ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ደወለች።

“አሥራት፣ ይታይሃል? እዚህ ጋ የተጻፈውን አንብብ።”

“ምንድን ነው እሱ? የት ሄዳችሁ ነው?”

“አንብብ አልኩህ። ጮክ ብለህ።”

አሥራት አንድ በአንድ ፊደሎቹን ጠራ። አባቴ ግን አይሰማውም ነበር፤ “ላልቷል” እያለ የቀበቶውን ማጥበቂያ ያጠብቃል።