የባላንጣ የሕይወት ታሪክ

ቢያድግልኝ የእድር ጸሐፊ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሰፈር ሰው ሲሞት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፎ የሚያነበው እሱ ነው። ጽፎ ማለት እንኳ ይከብዳል። «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ታታሪ ነበሩ» የምትል አንዲት ጽሑፍ አለችው፤ ስምና ዘመን እየቀያየረ ግማሹን ሰፈር ሸኝቶባታል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት አቶ ጌጡ የሞቱ ጊዜ ቸኩሎ ኖሮ መቀየር ያለበትን ሳይቀይር ቀረ። ልጅ ያልወለዱትን ሰውዬ «የስድስት ልጆች አባት ነበሩ» ብሎ አነበበላቸው። ሚስታቸው ለቅሷቸውን አቋርጠው፣ «ስድስት? ከማን?» አሉ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ መውጣት ጭንቅ ሆነበት። ባጃጅ ነጂው እንኳ «ጋሼ፣ ለእኔም ሁለት ይጨምሩልኝ» ይለዋል። የእድሩ ዳኛ አቶ ይሻውማ በስብሰባ መሀል አዋረዱት።

«አንተ ሰውዬ፣ የራስህ አፍ የለህም? ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ ምክትልህ በላይነህ ይተካሃል። ሰምተሃል?»

ሰምቷል። ምን ይደረግ፣ ቀጥሎ የሞቱት ደግሞ ወይዘሮ አበበች ሆኑ፤ የአጥሩ አዋሳኝ፣ ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት ያለፏቸው ባላንጣው።

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀመጠና «ደግ፣ ርኅሩኅ» ብሎ ጀመረ። እጁ ቆመ። «ማን? እሷ?» አለ ጮክ ብሎ። ቀደደው። ከዚያ በንዴት፣ ለሚስቱ ለሸዋዓለም ማታ ማታ እንደሚያወራው አድርጎ ጻፈ። ብዕሩ እንዲያ ታዝዞለት አያውቅም።

ሸዋዓለም ትከሻው ላይ ቆማ አነበበችው። «ይኸን ልታነብ ነው? ይገድሉሃል።»

«ይግደሉኝ! ቢያንስ ያልወለደችውን ልጅ አልሰጠኋትም።»

ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አነበበ። 

«ወይዘሮ አበበች ጎረቤቴ ነበሩ። በአንድ ባሕር ዛፍ ሰበብ ከሰውኝ ረቱኝ። ዛፉን ካስቆረጡኝ በኋላ ደግሞ ጥላዬን አጠፋህብኝ ብለው ሰደቡኝ። ሲሳደቡ ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ይሰማል። ቤታቸው የገባ ሰው ሳይበላ ሲወጣ ግን አላየሁም፤ እየሰደቡ ነበር የሚያጎርሱት። እኔን አጉርሰውኝ አያውቁም። ለትናንት በስቲያው ስድባቸው መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳይሰሙኝ ሄዱ። በዚህም ተቀይሜያቸዋለሁ።»

 ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። የሟቿ ልጅ ዓለሚቱ ግን ከሴቶቹ መሀል ተነጥላ ወጣች።

«በሬሳዋ ፊት! ጋሼ፣ ሞታም አይለቋትም?»

አቶ ይሻው ወረቀቱን ከእጁ መነተፉት። ሴቶቹ ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመሩት፤ ለወጉ ያለቅሱ የነበሩት ሳይቀሩ አሁን የምር አለቀሱ።

በሣልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ማንም ጠጋ አላለለትም። ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ከይፋግ ዘግይተው የደረሱ አንዲት አክስት ዓለሚቱን «ምን ብሎ ነው ያነበበባት?» ሲሉ ሰማ። ዓለሚቱ ፊቷን ከእሱ አዙራ ትነግራቸው ጀመር፤ ባሕር ዛፉን፣ ጎማ ጠጋኙን፣ እየሰደቡ ማጉረሱን፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል። አክስትየው ዓይናቸውን እየጠረጉ «እሷው ናት! ራሷ!» አሉ።

«ክፉ ሰው ነው» አለች ዓለሚቱ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ።

ሲወጣ አቶ ይሻው በር ላይ ጠበቁት። «ከዛሬ ጀምሮ በላይነህ ነው የሚጽፈው። የእኔንማ የሕይወት ታሪክ እንዳትነካ! ለልጆቼ ተናዝዤ ነው የምሞት።»

ቢያድግልኝ ሽማግሌው ከመቆጣታቸው በፊት ከንፈራቸውን በምላሳቸው ሲያረጥቡ፣ ከዘራቸውን የሰው እግር አጠገብ ሲተክሉ አየ። ቁልቁል ወደ ቤቱ ሲሄድ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ሳይጠራት መጣች፦ «አቶ ይሻው ሰው የሚቆጡት ቀርበው ነበር።»